የባሕር ማዶ አበል

ደርግ ሥልጣን ከያዘ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። እኔ መካነ ሰላም የእጅ ሥራ አስተምራለሁ። አንድ ቀን ርዕሰ መምህሩ ሦስት መምህራንን ቢሮው ጠርቶ ለሥልጠና ወደ ቡልጋሪያ እንድንሄድ መመረጣችንን ነገረን። የአውሮፕላኑን መንግሥት ይችላል። ማደሪያና ምግብ እዚያ ይሰጠናል፤ በየወሩ ደግሞ አበል የሚሉት የኪስ ገንዘብ ይከፈለናል። የሦስታችን ደመወዝ ተመሳሳይ ነበር፤ አበላችንም እኩል እንደሚሆን ተነገረን። ከመካከላችን ባሕር ማዶ የሄደ ዘመድ እንኳ ያለው አልነበረም።

የወጣንበት ቤት ግን ለየቅል ነው። አንዱ የነጋዴ ልጅ ነው። አባቱ ገበያው ዳር የጨርቅ ሱቅ ያላቸው ሙስሊም ሽማግሌ ናቸው፤ አብዮቱ ሲመጣ ሱቃቸው ሳሳ እንጂ አልተዘጋም። ሁለተኛዋ ሴት ናት፤ ከአቀስታ ወጣ ብሎ፣ ከገብስና ከበግ ሌላ በማይታወቅበት ደጋ ያደገች የገበሬ ልጅ። ትምህርት ቤት ውስጥ ሁላችንም በአገሯ በለጋምቦ ስም «ለጋምቦዋ» እያልን ነበር የምንጠራት፤ እሷም ትወደው ነበር። ሦስተኛው እኔ ነኝ። አባቴ በከላላ በኩል ያለች የአንዲት ገጠር ደብር መሪጌታ ናቸው። ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከመግባቴ በፊት ከሌሎቹ ተማሪዎቻቸው ጋር በየደጁ ቁራሽ እየለመንኩ ዜማ ተምሬያለሁ። ልጃቸው ብሆንም እንደ ተማሪዎቹ «የኔታ» ነበር የምላቸው። የደብሩ መሬት ከተወረሰ በኋላ የኔታ የሚኖሩት ምእመኑ በሚያመጣላቸው እህል ነው።

የጉዞው ዝግጅት በየቤታችን የተለያየ ነበር። የነጋዴው ልጅ አባት ሁለት ትልልቅ ሻንጣዎች ገዝተው ሰጡት፤ አንዱ ውስጥ ልብሱ አለ፣ ሌላው ባዶ ነው። ስንጠይቀው «ሲመለስ ይሞላል» አለን። ለጋምቦዋን ወላጆቿ በሶ፣ ቅቤና ከበጎቻቸው ጠጉር የተሠራ ወፍራም ባና አስይዘው ላኳት። ባናውን ያየ ሁሉ «ፈረንጅ አገር ብርድ ልብስ የለም ብለውሽ ነው?» እያለ ሳቀባት። የኔታ ደግሞ ሊሸኙኝ ቀን ሙሉ በእግራቸው ተጉዘው መካነ ሰላም መጡ። ከተከራየሁት ቤት ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጥያቄ ጀመሩ።

«አገሩ ማን ነው አልከኝ?»

«ቡልጋሪያ ነው፣ የኔታ።»

«ክርስቲያኖች ናቸው?»

«ድሮ ነበሩ ይባላል።»

«እንግዲያ ስንቅ አያስጨንቅህ። እኔ ዓባይን ተሻግሬ ጎጃም ለትምህርት ስወርድ ከቁራሽ መያዣ አኩፋዳዬ በቀር የያዝኩት አልነበረም። ሰው ባለበት አገር ተማሪ ጦሙን አያድርም። ገንዘብ ከሰጡህ ግን ስታወጣ አይዩህ። መንገደኛ ገንዘብ እንዳለው ከታወቀ ይዘረፋል።»

ይህን ሲናገሩ የሚያስቡት የዓባይን በረሃ እንደነበር አሁን ይገባኛል። ያን ጊዜ ግን ቃላቸውን እንዳለ ይዤው ሄድኩ።

በእህል ጭነት መኪና ደሴ፣ ከደሴ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ገባን። እዚያ ከሌሎች ክፍለ ሀገሮች ከመጡ መምህራን ጋር ተቀላቀልንና የቡድን መሪ ተመደበልን። መሪያችን የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ አባቱ በንጉሡ ጊዜ ትልቅ ሹም እንደነበሩ ይወራል። እሱ ራሱ ስለ ሰፊው ሕዝብ ሲናገር ድምፁ ይጎላል። ባሕር ማዶ ሲሄድ የመጀመሪያው አልነበረም። አውሮፕላኑ ውስጥ እኛ ቀበቶውን እንዴት እንደምናስር ስንጨነቅ እሱ ጫማውን አውልቆ ተኛ።

ሶፍያ የደረስነው በኅዳር ነው። ብርዱ የለጋምቦን ብርድ ያስንቃል። ከዚያን ቀን በኋላ በባናው የሳቀ አልነበረም፤ ለጋምቦዋ ማታ ማታ ተጠቅልላበት ስታጠና ጎረቤቶቿ እየመጡ ጫፉን ይለምኗት ነበር።

ምግቡ ከማደሪያችን ሥር ባለ አዳራሽ ይሰጣል። እኔ የነቢያትን ጾም ይዣለሁ፤ የነጋዴው ልጅ ባልተባረከ ሥጋ እጁን አይሰድም። ስለዚህ ሁለታችንም ዳቦ፣ ባቄላና ጎመን እየበላን የሚደርሰንን ሥጋ ለጎረቤት እንሰጥ ነበር። «በአላህ፣ ደብተራው፣» ይለኛል፣ በዚሁ ስም ነበር የሚጠራኝ፣ «አንተና እኔ እዚህ አገር አንድ ሃይማኖት ሆነን ቀረን።»

የመጀመሪያው አበል እንደተከፈለ መሪያችን ሦስታችንን ቡና ሊጋብዘን አንድ ቤት ይዞን ገባ። ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ ነው። ኬክ አዘዘ፤ ሒሳቡን ከፈለና ለአስተናጋጇ ጉርሻ ጥሎ ተነሣ። ጉርሻው የአንድ ቀን የኪስ ገንዘባችንን ያህላል። ሦስታችን ተያየን። የነጋዴው ልጅ ከወጣን በኋላ «ሳይጠየቅ የሚሰጥ ሰው አየሁ» አለ። ለጋምቦዋ «ኬኩ ግን ይጣፍጥ ነበር» አለች። እኔ ኬኩ በቅቤ ስለተሠራ አልቀመስኩትም ነበር።

ከዚያ ወዲያ እያንዳንዳችን በየመንገዳችን ሄድን። የነጋዴው ልጅ በመጀመሪያው ወር ምንም አልገዛም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሱቅ ሱቅ ይዞራል፤ ሻሽ ያነሣል፣ ክሩን ይስባል፣ ያሸታል፣ ዋጋውን በጣቱ ጠይቆ ይወጣል። ሻጮቹ ተሰላችተውበት ነበር። በሁለተኛው ወር ግን መግዛት ጀመረ፤ ሻሽ፣ ሹራብ፣ የእጅ ሰዓት። ባዶው ሻንጣ ቀስ እያለ ሞላ። ለራሱ ካልሲ እንኳ አልገዛም፤ ለጓደኛ ሲጋብዝ ግን እጁ አይሰስትም፤ በየእሑዱ ሻይ የሚከፍልልን እሱ ነበር።

ለጋምቦዋ በትኬት የሚታይ ነገር ሁሉ ታየው ዘንድ የተላከች ይመስል ነበር። ሲኒማ፣ የአሻንጉሊት ቲያትር፣ ሰርከስ፤ ቋንቋውን ሳትሰማ ገብታ ስትስቅ ትወጣለች። አበሏ ወሩ ሳይጋመስ ያልቃል፤ ሲያልቅ በሶዋን በጥብጣ ትጠጣለች እንጂ አትበደርም።

እኔ ደግሞ በእግሬ እሄዳለሁ። ትራም ላይ አልወጣም። ገንዘቡን ዳዊቴ ውስጥ እያደረግኩ ሻንጣዬ ሥር አስቀምጠዋለሁ። ስስታም ሆኜ አይመስለኝም፤ አወጣጡን አላውቅበትም ነበር። ልመና ላይ ያደገ ሰው ዳቦ ለመቀበል እጁን እንዴት እንደሚዘረጋ ያውቃል፣ ባንኮኒ ፊት ቆሞ «ይህን ስጡኝ» ማለት ግን ሌላ ትምህርት ነው። የነጋዴው ልጅ ይህን ሲያይ አንድ ቀን አጠገቤ ተቀመጠ።

«ስማ፣ ደብተራው። ይህ ገንዘብ እኛ አገር ሲደርስ አያገለግልም። ባንክ አይቀበልህም።»

«ገንዘብ አይደለም እንዴ?»

«እዚህ ገንዘብ ነው። እዚያ ወረቀት ነው፣ ወላሂ። ብላበት፣ ልበስበት። አለዚያ ለእኔ ስጠኝ፤ ዕቃ ልግዛበትና መካነ ሰላም ስንገባ ትርፉን እንካፈል።»

የመጨረሻውን ባይጨምር ኖሮ ምናልባት አምነው ነበር። ትርፍ የሚለውን ቃል ስሰማ ለራሱ ሲል ነው ብዬ ደመደምኩ። «ይቆየኝ» አልኩት። ትከሻውን ነቅንቆ ተነሣ።

ገንዘብ ሳወጣ የምገኝበት አንድ ቦታ ብቻ ነበር። ከማደሪያችን ብዙ ሳይርቅ አንድ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን አለ። በእግሬ ስዞር አገኘሁት። ሻሽ ያሰሩ አሮጊቶች በር ላይ የሰም ጧፍ ይሸጣሉ፤ ምእመናኑ እየገዙ አሸዋ በሞላበት ሳህን ላይ ይተክሉታል። ካህናቱ ሲያዜሙ ከሁሉ የለየሁት ቃል «ሃሌ ሉያ» ብቻ ነበር፤ እሱም በዜማቸው ተለውጧል። ቢሆንም ቆሜ ቀረሁ። በየሰንበቱ ጧፍ እገዛ ጀመር። እዚያ አሮጊቶቹ ፊት ምላሴ አልተሳሰረም፤ ጧፍ መግዛትን ከልጅነቴ አውቃለሁና።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ስወጣ ከመሪያችን ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠምን። አይቶኝ አለፈ። ከሰዓት በኋላ ግን ቡድኑን ሰብስቦ የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ከፈተ።

«በመካከላችን፣» አለ፣ «አብዮቱ በሰጠው አበል ጧፍ የሚገዛ ጓድ አለ። ጓዱ ራሱ ይናገር።»

ተነሣሁ። ወደ አገር ቤት ይመልሰኛል ብዬ ነበር፤ እንዲህ ያለው ሲደረግ ሰምተናል። ገና ሳልጀምር ለጋምቦዋ ከኋላ እጇን አወጣች።

«ጓድ መሪ፣ ይህ ሰው ካፖርት የለውም። ብርዱን ሸሽቶ ቢገባ ምን ያስገርማል?»

«ጧፉስ?»

«ሙቀት ፈልጎ ይሆናላ።»

ጥቂቶች ሳቁ። መሪያችን ፊቱ ሲከፋ የነጋዴው ልጅ ተነሣ። «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ጓድ መሪ። የላክሁት እኔ ነኝ። እዚህ አገር ጧፍ ስንት እንደሚሸጥ አጥናልኝ ብዬው ነው። የሰሙ ጥራት ከእኛ ያንሳል፣ አይገዛም።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። መሪያችንም ሳቁን ሊይዘው ሞክሮ አልሆነለትም። «ሦስታችሁም ከአንድ ትምህርት ቤት ናችሁ መቼም፣» አለ። «ካፖርት ግዛ፣ ጓድ። ይህ ትእዛዝ ነው።» ነገሩ በዚያው አበቃ። ካፖርቱን ግን አልገዛሁም፤ ከማደሪያችን ጠባቂ የተጣለ አሮጌ ጃኬት ለምኜ ለበስኩ።

የብርዱ ወራት ካለፈ በኋላ፣ የመመለሻችን ጊዜ ሲቃረብ፣ ለጋምቦዋ ጥቁር ባሕርን ሳላይ አልሄድም አለች። ባሕሩ ያለው ከሶፍያ ባቡር ተሳፍሮ ቀኑን ሙሉ የሚያስኬድ ሩቅ ከተማ ነው። የባቡሩና የማደሪያው ወጪ የመጨረሻ አበሏን አብዛኛውን ይወስድባታል። የነጋዴው ልጅ ተቆጣት።

«ውሃ ለማየት? ለእናትሽ አምስት ሻሽ ይገዛል እኮ!»

«እናቴ ሻሽ አላት።»

«እሺ ለከርሞ አታስቢም?»

«አባቴ ለከርሞ ያለውን ገብስ ውርጭ እየመጣ ሲበላው ነው ያደግሁት» አለች። «ያየሁትን ማን ይበላብኛል?»

መሪያችን ፈቀደላት፤ ብቻዋን ግን አትሄድም አለ። እኔ እንዳጅባት አዘዘ። ገንዘብ የለኝም ልል አፌን ስከፍት ለጋምቦዋ ቀደመችኝ። «የሱን ትኬት እኔ እቆርጣለሁ፣ ምንም አይደል።» በሶ እየጠጣች ወር የምትጨርስ ሴት ትኬት ስትቆርጥልኝ ዝም ብዬ ማየት አልቻልኩም። ዳዊቴን ገልጬ የራሴን ከፈልኩ። ከጧፉ በቀር በዚያ አገር ያወጣሁት ገንዘብ ይኸው ነው።

ባሕሩ ጋ የደረስን ጊዜ ሰማዩ ደመና፣ ዳርቻው ሰው የሌለበት ነበር። ነፋሱ አሸዋውን ያነሣል። ለጋምቦዋ ባናዋን ተከናንባ ማዕበሉን እያየች ለረጅም ጊዜ ቆመች። ቅር ያላት መሰለኝ። ከዚያ ጫማዋን አውልቃ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ገባችና በእፍኟ ጨልፋ ቀመሰች።

«ጨው ነው!» ብላ ጮኸች። «አንተ፣ እውነትም ጨው ነው! አባቴ አንድ አሞሌ ጨው ለመግዛት ስንት መንገድ ይሄድ ነበር፣ እዚህ ማንም ሳይፈልገው ተደፍቶ ይኖራል!»

እየሳቀች ዕንባዋ ወረደ፤ ከነፋሱ ይሁን ከሌላ አልጠየቅኋትም። እኔ ጫማዬን አላወለቅኩም። ግን እዚያ የቆምኩበት ሰዓት ከሥልጠናው ሁሉ ይበልጥ እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ ነው።

ያደርንበት ቤት ባለቤት አንዲት አሮጊት ነበሩ። የባናውን ጠጉር ሲዳስሱ ዓይናቸው በራ፤ እሳቸውም በግ ያረቡ ኖሮ ጠጉር ያውቃሉ። በምልክት ዋጋውን ጠየቁ። ለጋምቦዋ አልሸጥም ብላ ራሷን ነቀነቀች። አሮጊቷ ጓዳ ገብተው የሟች ባላቸውን ጥቁር ወፍራም ካፖርት ይዘው ወጡ። ሁለቱ ሴቶች አንድ ቃል ሳይግባቡ ባናውንና ካፖርቱን ተለዋወጡ፤ ሲለያዩም ተሳሳሙ።

አዲስ አበባ ስንገባ ፈታሾቹ የነጋዴውን ልጅ ሻንጣዎች ገለበጧቸው። «ይህ ሁሉ ለግል ነው?» ሲሉት «ዘመዴ ብዙ ነው» አላቸው። ቀረጥ አስከፈሉት፤ የሚከፍለው ሲያጣ ካመጣቸው ሰዓቶች ሁለቱን እዚያው ከተማ ሸጠ። የቀረውን ግን መካነ ሰላም አድርሶ አባቱ ሱቅ ሰቀለው። በዚያ ዓመት የከተማው ሙሽሮች የቡልጋሪያ ሻሽ አሰሩ። ለጋምቦዋ ይዛ የገባችው ካፖርቱን ብቻ ነው። አባቷ እሱን ለብሰው አቀስታ ገበያ ሲወጡ የቀበሌ ሊቀ መንበር መስለዋቸው ሰላምታ የሚሰጧቸው እንደነበሩ እየሳቀች ነግራኛለች።

እኔ ደሴ ላይ ወርጄ ባንክ ገባሁ። ገንዘቤን ከዳዊቴ አውጥቼ ለገንዘብ ተቀባዩ አቀበልኩት። አገላብጦ አየው፣ ለጎረቤቱ አሳየው፣ እሱም ለአለቃቸው። አለቃቸው ደግ ሰው ነበሩ። «ወንድሜ፣ ይህን የሚመነዝርልህ ባንክ በኢትዮጵያ የለም። እዚያው ማውጣት ነበረብህ» አሉኝ። ወረቀቶቹን አስተካክለው በፖስታ አድርገው መለሱልኝ። ወጥቼ የደሴ ፒያሳ መንገድ ዳር ጥቂት ቆምኩ። ንዴት እንኳ አልተሰማኝም። የመጣብኝ የኬኩ ጠረጴዛና የቀዘቀዘው እግሬ ነበር፣ ሌላ ምንም።

ከላላ በኩል ሄጄ የኔታን ሳያቸው የሆነውን ነገርኳቸው። ፖስታውን ተቀብለው በወረቀቶቹ ላይ ያሉትን ሥዕሎች አዩ።

«ምን ስትበላ ከረምክ?»

«ዳቦና ባቄላ።»

«ጾም ሲፈታስ?»

«ያው አዳራሹ የሰጠኝን፣ የኔታ።»

«ታዲያ ለምን አልበላህበትም?»

«እርስዎ አይዩህ ብለውኝ ነበር።»

ወደ እኔ ቀና ብለው አዩኝ። «እኔ ያልኩህ ወንበዴ አይይህ ነው። ሰው ሁሉ አይይህ አልኩህ?» አሉ። ቀጥለው ያየሁትን እንድነግራቸው ጠየቁኝ። ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ስነግራቸው ዜማውን ላሰማቸው ሞከርኩ፤ እያረሙ ሰሙኝ። ስለ ባሕሩ ግን ምንም አላረሙም። የውሃውን ቀለም፣ ድምፁን፣ ማዶው ይታይ አይታይ እንደሆነ ደጋግመው ጠየቁ። «ያች ልጅ ባትጎትትህ አይተኸው አትመጣም ነበራ» አሉ በመጨረሻ።

በቀጣዩ የትምህርት ዕረፍት ከደመወዜ ከፍዬ ሐይቅ እስጢፋኖስን ላሳልማቸው ወሰንኩ። የኔታ ገዳሙን ያውቁታል፤ በወጣትነታቸው በእግራቸው ሄደውበታል። አውቶቡስ ግን ተሳፍረው አያውቁም ነበር። መካነ ሰላም መናኸሪያ ስንደርስ ከረዳቱ ጋር ተከራከሩ። እግሩን ያልተጠቀመ ሰው ስለምን ይከፍላል፣ መኪናው እኮ እኛ ብንወጣም ባንወጣም ይሄዳል አሉት። ረዳቱ ጥምጥማቸውን አይቶ ታግሦ አስረዳቸው። እኔ ሁለት ትኬት ቆርጬ በመስኮቱ በኩል አስቀመጥኳቸው። አውቶቡሱ የለጋምቦን ሜዳ ሲሻገር ሳር ቤቶቹንና ክምሩን እያዩ ሄዱ። አቀስታ ስንቆም ጭብጦ ዳቦ የሚሸጡ ሴቶች መስኮቱን ከበቡት። የኔታ ከልብሳቸው እጥፋት ውስጥ ሳንቲም አወጡ፤ እጃቸው ላይ ጥቂት አገላበጡት። ከዚያ ለአንዷ ሰጡና ዳቦውን ተቀብለው ግማሹን ቆርሰው ሰጡኝ።

«ብላ፣» አሉኝ፣ «መንገዱ ገና ነው።»